ሪሞት ዴስክቶፕን ለጄንቱ ለምታዘጋጅ ልጄ

ልጄ፣ የሪሞት ዴስክቶፕ ሶፍትዌሮችን ለጄንቱ ሊኑክስ ፓኬጅ ማድረግ እንደምትፈልጊ ስትነግሪኝ ደስ አለኝ። ዳንኤል ሮቢንስ የጀመረው ጄንቱ ቁጥር 1.0 የወጣው በ2002 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራልሽ)። ከዚያን ጊዜ አንስቶ መንገዱ አልተለወጠም። ተጠቃሚው ሶርስ ኮዱን አውርዶ በገዛ ማሽኑ ላይ ኮምፓይል ያደርጋል። ፖርቴጅ የተባለው ፕሮግራም ይህን የሚሠራው ኢቢልድ በሚባል አጭር የባሽ ፋይል እየተመራ ነው። ሶርሱ ከየት እንደሚመጣ፣ ምን ምን ላይብረሪ እንደሚፈልግ፣ እንዴት ተገንብቶ የት እንደሚጫን ሁሉም እዚያ ይጻፋል። ያን የምትጽፊው እንግዲህ አንቺ ነሽ።

ሌላ ፓኬጅ ቢበላሽ ሰዉ ዘፈኑ ይቋረጥበታል ወይም ሰነዱ አልከፈት ይለዋል። ሪሞት ዴስክቶፕ ግን የሰውን ስክሪን ያያል፣ የሚመታውን ቁልፍ ሁሉ ይቀበላል፣ ያየውንም በኔትወርክ ያሻግራል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምነግርሽ ሁሉ ወደ አንድ ነገር ያመራል፤ በኢቢልዱ ያልተጻፈ ነገር ወደ ፕሮግራሙ አይግባ።

1. ፕሮቶኮሉን ሳታውቂ ኢቢልድ አትጀምሪ።

ቪኤንሲ የተወለደው እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ፣ በኦሊቬቲ የምርምር ላቦራቶሪ ነው። ፕሮቶኮሉ አርኤፍቢ ይባላል፤ በ2011 አርኤፍሲ 6143 ሆኖ ታትሟል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከስክሪኑ የተለወጠውን ቁራጭ ምስል ይልካል፣ ቁልፍና ማውዝ ይቀበላል። የማይክሮሶፍት አርዲፒ በ1998 ከዊንዶውስ ኤንቲ 4.0 ተርሚናል ሰርቨር ጋር የወጣ ሲሆን ከዚህ በጣም ይሰፋል። ድምፁ፣ ፕሪንተሩ፣ ስማርት ካርዱ፣ ዲስኩ፣ ክሊፕቦርዱ ሁሉ በተጨማሪ ቻናሎች ይሻገራሉ። ፍሪአርዲፒ የተባለው የአርዲፒ ፕሮግራም የጥገኛ ላይብረሪዎች ዝርዝሩ ለምን እንደዚያ እንደረዘመ የሚገባሽ ይህን ስታውቂ ነው።

ማን ከማን እንደመጣም እወቂ። ፍሪአርዲፒ በ2009 አርዴስክቶፕ ከተባለው የቀድሞ የአርዲፒ ክላየንት ተገንጥሎ የወጣ ፕሮጀክት ነው። ሬሚና የተባለው የሪሞት ዴስክቶፕ ክላየንት ደግሞ በራሱ ብቻውን አይቆምም፤ ለአርዲፒ ፍሪአርዲፒን፣ ለቪኤንሲ ሊብቪኤንሲሰርቨርን ይጠራል። በ2019 የካስፐርስኪ ተመራማሪዎች በ4 የቪኤንሲ ፕሮግራሞች ውስጥ 37 የደኅንነት ቀዳዳዎች ማግኘታቸውን አስታውቀው ነበር፤ ከአራቱ አንዱ ይኸው ሊብቪኤንሲሰርቨር ነው። የሬሚና ኢቢልድ ጠባቂ የሆነ ሰው እንዲህ ያለውን ዜና ስለ ሌላ ፓኬጅ የተነገረ አድርጎ ማለፍ አይችልም።

2. የግንባታው ስክሪፕት በራሱ ፈቃድ ላይብረሪ እንዲያነሳ አትፍቀጂለት።

ከምነግርሽ ሁሉ አጥብቀሽ መያዝ ያለብሽ ይህን ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም እዚህ ነው።

ጄንቱ ዩዝ ፍላግ የሚባል ነገር አለው። ተጠቃሚው የሚፈልገውንና የማይፈልገውን በእርሱ ይናገራል። ፕሪንተር አልፈልግም ካለ ካፕስ የተባለው ላይብረሪ ከፕሮግራሙ ጋር መገናኘት የለበትም። የብዙ ፕሮጀክቶች የግንባታ ስክሪፕት ግን እንዲህ አያስብም። ማሽኑን ዞር ዞር ብሎ ይፈትሻል፤ ካፕስን ካገኘ ማንንም ሳይጠይቅ ያገናኛል፣ ካላገኘ ዝም ብሎ ይተወዋል። የጎረቤትን ምጣድ ቆጥሮ ድግስ እንደጠራ ሰው ነው።

ጉዳቱን ቀረብ ብለሽ እዪው። አንድ የኮምፒውተር ላብራቶሪ አለ እንበል። አንዱ ጠንካራ ማሽን ላይ ፍሪአርዲፒ ይገነባል፣ የተገነባው ፓኬጅ ለቀሩት ደካማ ማሽኖች ይታደላል። በጠንካራው ማሽን ላይ በሌላ ምክንያት ካፕስ ተጭኖ ነበር፤ በቀሩት ላይ የለም። ኢቢልዱ ስለ ካፕስ አንድ ቃል ስላልተናገረ ፖርቴጅ ምንም እንደጎደለ አያውቅምና ጭነቱ ያለ እንከን ያልቃል። ተማሪው ፕሮግራሙን ሲነካው ግን «ሊብካፕስ.ኤስኦ.2 አልተገኘም» የሚል አንድ መስመር ታይቶ ይዘጋል። ስህተቱ ያለው ኢቢልድ ውስጥ ነው፤ የሚወቀሰው ግን የላብራቶሪው ኃላፊ ነው።

መፍትሔው ትዕግሥት ብቻ ነው። ፍሪአርዲፒ የሚገነባው በሲኤሜክ ነው፤ የሲኤሜክ ፋይሎቹን ከላይ እስከ ታች አንብቢና ምርጫ የሆነውን እያንዳንዱን ላይብረሪ ልቀሚ። ለእያንዳንዱ ወይ ዩዝ ፍላግ ስጪው፣ ወይ «ይኑር» ወይም «አይኑር» ብለሽ በግልጽ ቁረጪው። ለስክሪፕቱ ግምት የሚተው ነገር አይኑር። ከዚያ ገንብተሽ ስትጨርሺ የወጣውን ፕሮግራም በሪድኤልፍ ክፈቺና ምን ምን ላይብረሪ እንደሚጠይቅ ከጻፍሽው ዝርዝር ጋር መስመር በመስመር አስተያዪ። ፍላጎቹን ሁሉ አጥፍተሽ አንድ ጊዜ፣ ሁሉንም አብርተሽ አንድ ጊዜ ገንቢ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ቢሆንም አይዘለልም።

ለግንባታ ብቻ የሚያስፈልገውንና ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚያስፈልገውንም ለይተሽ ጻፊ። ቢዲፔንድ፣ ዲፔንድና አርዲፔንድ ለየብቻ የተቀመጡት በምክንያት ነው።

3. የተጠቃሚውን መብራትና ዳታ ቁጠሪለት።

ሬሚና ድረ ገጽ የሚከፍት ተጨማሪ ክፍል አለው፤ ያ ክፍል ዌብኪት የተባለውን የድረ ገጽ ማሳያ ላይብረሪ ይፈልጋል። ዌብኪትን ኮምፓይል ማድረግ ሰዓታት የሚፈጅና ብዙ ሜሞሪ የሚበላ ሥራ ነው። ከአንድ የዊንዶውስ ሰርቨር ጋር መገናኘት ብቻ የፈለገን ሰው ያን ሁሉ አታስገነቢው። ፍላጉን በነባሪነት አጥፊው፤ የፈለገ ያበራዋል።

መብራት በሚቆራረጥበት፣ ኢንተርኔትም በፓኬጅ በሚገዛበት አገር ላለ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሦስት ሰዓት ኮምፓይል ሲያደርግ ቆይቶ መብራት የጠፋበት ልጅ ሁለተኛ ጄንቱን አይሞክርም። በታኅሣሥ 2023 ማለቂያ ጄንቱ ለኤኤምዲ64 እና ለአርም64 ማሽኖች የተገነቡ ፓኬጆችንም ማቅረብ ጀምሯል፤ ይህ ለእኛ ሰዎች ትልቅ እፎይታ ነው። እነርሱም የሚሠሩት ግን ከዚያው ከኢቢልዱ ነው። በነባሪ የመረጥሽው ብዙ ሰው ቤት ይገባልና አስበሽ ምረጪ።

4. ሌላ ፕሮግራም በሆዱ ከያዘ ፕሮግራም ላይ ዐይንሽን አታንሺ።

ታይገርቪኤንሲ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ኤክስቪኤንሲ የሚባለው ሰርቨሩ በእውነቱ ሙሉ የኤክስ ሰርቨር ነው፤ ልዩነቱ ስዕሉን ወደ ሞኒተር ሳይሆን ወደ ኔትወርክ መላኩ ነው። ስለዚህ የሰርቨር ፍላጉ ሲበራ የጄንቱ ኢቢልድ ሁለት ሶርስ ያወርዳል፤ አንዱ የታይገርቪኤንሲ፣ ሁለተኛው የኤክስ.ኦርግ ሰርቨር። የኤክስ.ኦርጉን ኮድ ታይገርቪኤንሲ ውስጥ ወዳለው ማኅደር ይገለብጣል፣ ፓች ይለጥፍበታል፣ አንድ ላይም ይገነባቸዋል።

እንግዲህ የኤክስ ሰርቨር የደኅንነት ቀዳዳ ተገኘ እንበል፤ በ2023 እና በ2024 ተደጋግሞ ተገኝቷል። ተጠቃሚው ሲስተሙን ያድሳል፣ የኤክስ ሰርቨር ፓኬጁ ይታደሳል፣ እርሱም ዳንኩ ብሎ ያርፋል። ኤክስቪኤንሲ ውስጥ ያለው ቅጂ ግን አሮጌው ነው። ኢቢልዱ ውስጥ የተጻፈው የኤክስ.ኦርግ ቁጥር እስኪቀየር ድረስ ቀዳዳው በኔትወርክ ፊት ክፍት ሆኖ ይቆያል። ሬድ ሃት ለኤክስ ሰርቨር ማስተካከያ ባወጣ ቁጥር ለታይገርቪኤንሲም ለብቻው የሚያወጣው ለዚህ ነው።

አንቺም እንዲሁ አድርጊ። የኤክስ.ኦርግን የደኅንነት ማስታወቂያ እንደ ፓኬጅሽ ጉዳይ ተከታተዪ። ቁጥሩን በአንድ ተለዋዋጭ ውስጥ፣ ከኢቢልዱ ራስጌ አጠገብ አስቀምጪው፤ ካንቺ በኋላ የሚመጣው ሰው ሳይፈልገው ያየዋል። ላይብረሪው በሲስተሙ ውስጥ ካለና ፕሮጀክቱ የሚቀበል ከሆነ ደግሞ የታሸገውን ቅጂ አስወግደሽ የሲስተሙን ተጠቀሚ።

5. የማይገባሽን መስመር አትሰርዢ።

በ2006 የዴቢያን የኦፕንኤስኤስኤል ፓኬጅ ጠባቂ ቫልግራይንድና ፕዩሪፋይ የተባሉ የፍተሻ መሣሪያዎች የሚያወጡትን ማስጠንቀቂያ ለማስቆም ኮዱን ነካካ። የጠፋው ጥቂት ነበር፤ ከእርሱ ጋር ግን የዘፈቀደ ቁጥሩ ምንጭ አብሮ ጠፋ። የፕሮሰሱ መለያ ቁጥር ብቻ ቀረ። በዚያ ሲስተም የሚወጣ ቁልፍ ለየዓይነቱና ለየመጠኑ ከ32,768 አማራጭ የማይበልጥ ሆነ። ለማንም አጥቂ ሁሉንም መሞከር ቀላል ነው። ነገሩ የታወቀው በግንቦት 2008 ነው። ሁለት ዓመት ገደማ ሙሉ ሰዉ በኤስኤስኤች ወደ ሩቅ ማሽን ሲገባ በተቆለፈ በር የገባ መስሎት ነበር።

ያ ሰው ክፉ አልነበረም፤ ሰነፍም አልነበረም። ማስጠንቀቂያ ማጥፋት የፓኬጅ ጠባቂ የዘወትር ሥራ ነው። ስለዚህ ፓች ስትጽፊ መጀመሪያ ወደ ዋናው ፕሮጀክት ላኪው፣ ኮዱን የሚያውቁት እስኪያዩት ጠብቂ። በፓቹ ራስጌ ላይ ለምን እንደተጻፈና የት እንደተላከ አስፍሪ። የኢንክሪፕሽንና የመግቢያ ማረጋገጫ ኮድ ከሆነ ደግሞ ከፕሮጀክቱ ሰዎች ይሁንታ በፊት አንድም ፊደል አትንኪ።

6. ሶርሱ ከማን እጅ እንደመጣ እወቂ።

ማኒፌስት በሚባለው ፋይል ውስጥ የእያንዳንዱ ሶርስ መጠንና የብሌክ2ቢና የሻ512 አሻራ ይመዘገባል። ይህ ተጠቃሚው ያወረደው አንቺ ካወረድሽው ጋር አንድ መሆኑን ይመሰክራል። አንቺ ያወረድሽው ንጹሕ መሆኑን ግን አይመሰክርም። በመጋቢት 2024 ኤክስዜድ በተባለው የፋይል መጭመቂያ የተገኘውን ወጥመድ አስታውሺ። ወጥመዱን የሚያስነሳው መስመር በይፋ በተለቀቀው የ5.6.0 እና የ5.6.1 ጥቅል ውስጥ ነበር፤ ሁሉ በሚያየው የጊት ማከማቻ ውስጥ ግን አልነበረም። ዓላማውም ይኸው የሩቅ መግቢያ፣ ኤስኤስኤች ነበር። ወደዚያ የደረሰውም አንዳንድ ዲስትሪቢውሽኖች ለሲስተምዲ ብለው በጨመሩት ፓች በኩል ነው። ስለዚህ ፕሮጀክቱ ፊርማ ካለው ፊርማውን በኢቢልዱ አስፈትሺ፤ አዲስ ቁጥር ሲወጣም በአሮጌውና በአዲሱ መካከል ምን እንደተለወጠ ሳታዪ ቁጥር ብቻ ቀይረሽ አትላኪ።

የራስሽንም ፓስዎርድ ጠብቂ። በሰኔ 28 ቀን 2018 አጥቂዎች የጄንቱን የጊትሃብ አካውንት ይዘው ኢቢልዶች ውስጥ የተጠቃሚን ፋይል የሚያጠፋ ትዕዛዝ ጨምረው ነበር። የገቡት በአንድ አስተዳዳሪ ፓስዎርድ ነው፤ በሌላ ቦታ ከታወቀው ፓስዎርዱ ተነስቶ ይኼኛውን መገመት ይቻል ነበር። ዋናው ማከማቻ ሌላ ቦታ ስለሆነ ጉዳቱ ተገደበ።

7. ሶርሱ ለሌለው ፕሮግራም ሐቁን ተናገሪ።

ቲምቪወርና ኤኒዴስክ ሶርሳቸውን አይሰጡም። ሰዉ ይፈልጋቸዋል፣ ፓኬጅ ማድረጉም ነውር የለበትም፤ ነገር ግን የተገነባ ነገር እንደምታድዪ በግልጽ ይታይ። ፈቃዱን በትክክለኛ ስሙ ጻፊ። ጄንቱ ከ2019 ጀምሮ በነባሪ የሚቀበለው ነፃ ፈቃዶችን ብቻ ስለሆነ ተጠቃሚው አውቆ ካልተስማማ አይጫንም፤ ይህን ለማለፍ የፈቃዱን ስም አታለሳልሺ። እንደገና ማሰራጨት የሚከለክል ከሆነም ገደቡን በኢቢልዱ አስገቢ።

ረስትዴስክ ሌላ ፈተና አለው። ኮዱ ክፍት ነው፤ ግን በረስትና በፍሉተር የተጻፈ ስለሆነ ክሬት የሚባሉ በመቶ የሚቆጠሩ የረስት ላይብረሪዎችን ይጎትታል። ፖርቴጅ በግንባታ ጊዜ ኔትወርክ ይዘጋል፤ ሁሉም ክሬት አስቀድሞ ተዘርዝሮ፣ አሻራው ተመዝግቦ መውረድ አለበት። ብዙዎች እዚህ ላይ ሰልችቷቸው የኔትወርኩን እገዳ ያነሳሉ ወይም የተገነባውን ያድላሉ። የተገነባውን ማደል ካለብሽ በስሙ ላይ «ቢን» ብለሽ አሳውቂ። እገዳውን ግን አታንሺ። ፕሮግራሙ ካልተነገረው በቀር በፕሮጀክቱ የሕዝብ ሰርቨር በኩል ሰዎችን እንደሚያገናኝም ለተጠቃሚው ንገሪው።

8. በሩን የሚከፍተው ባለቤቱ ይሁን።

ፓኬጁ ሲጫን ሰርቨሩ በራሱ መነሳት የለበትም። የኦፕንአርሲውን ስክሪፕትም የሲስተምዲውንም ፋይል አስቀምጪለት፣ ማስነሳቱን ግን ለእርሱ ተዪለት። ነባሪው ቅንብር ከተቻለ ለዚያው ማሽን ብቻ የሚሰማ ይሁን። የድሮው የቪኤንሲ ማረጋገጫ ከፓስዎርዱ የሚያየው የመጀመሪያዎቹን 8 ፊደላት ብቻ ነው፣ የሚጠቀመውም ዴስ የተባለውን ያረጀ ስልት ነው። ሰዉ ሃያ ፊደል ጽፎ ተጠበቅሁ ይላል። በጭነቱ ማብቂያ ላይ በሚታየው መልእክት በኤስኤስኤች ውስጥ አሳልፎ እንዲጠቀምበት ምከሪው።

9. ኮምፓይል ሆነ ማለት ሠራ ማለት አይደለም።

ኦፕንኤስኤስኤል 3.0 በ2021 ሲወጣ ኤምዲ4 እና አርሲ4 የተባሉ አሮጌ ስልቶች በነባሪ ከማይጫን ክፍል ውስጥ ገቡ። የዊንዶውስ ኤንቲኤልኤም መግቢያ ግን አሁንም ይፈልጋቸዋል። በዚህ ምክንያት ፍሪአርዲፒ ያለ አንዳች ስህተት ይገነባል፣ ፕሮግራሙም ይነሳል፤ ፓስዎርድ ላይ ሲደርስ ግን ሊወድቅ ይችላል። ፍሪአርዲፒ እነዚህን ስልቶች በውስጡ እንዲይዝ የሚያደርግ የግንባታ ምርጫ አለው። ይህን ግን የሚደርስበት በእርግጥ ከአንድ የዊንዶውስ ማሽን ጋር ተገናኝቶ ያየ ሰው ነው። ስለዚህ ተገናኚ። ድምፁን ስሚ፣ ጽሑፍ ቅጂና ለጥፊ፣ መስኮቱን አስፊ፣ ኔትወርኩን ነቅለሽ መልሺ።

አማርኛም ጻፊበት። እኛ ካልሞከርነው ማንም አይሞክርልንም። ቪኤንሲ ቁልፍን የሚልከው በኤክስ የቁልፍ ቁጥር ነው። «ሀ» በዩኒኮድ ሄክሳዴሲማል 1200 ናት፤ በሽቦው ላይ የምትሄደው 1000000 ተደምሮባት 1001200 ሆና ነው። ወዲያኛው ሰርቨር ለዚያ ቁጥር የሚሆን ቁልፍ ማግኘት አለበት፤ ካላገኘ ፊደሏ ትጠፋለች። በፊደል ማቀናበሪያ የሚጽፍ ሰው ማቀናበሪያውን በሩቁ ማሽን ላይ ቢጭነው ይሻላል፤ በዚያ በኩል የሚደርሰው የላቲን ቁልፍ ስለሆነ አይጠፋም። ፓኬጅሽ መመሪያ ካለው ይህን ጻፊበት።

10. ቁጥር ስትቀይሪ የድሮውን ተጠቃሚ አስቢ።

ፍሪአርዲፒ 3.0 በታኅሣሥ 2023 ሲወጣ በ2 ላይ የተሠሩ ፕሮግራሞች ወዲያው አልተከተሉትም። ጄንቱ ሁለቱን በተለያየ ስሎት ጎን ለጎን ማኖር ያስችላልና ተጠቀሚበት። ታይገርቪኤንሲ በ2020 በ1.11 ሰርቨሩ የሚነሳበትን መንገድ ከሥሩ ለውጦታል። ከአሮጌ ቁጥር የሚያድገውን ሰው ፖርቴጅ ይለይልሻል፤ ለእርሱ ብቻ የሚታይ ማስታወቂያ አስቀምጪ። ሩቅ አገር ያለ ማሽን ላይ ያን ሰርቨር ተማምኖ የተቀመጠ ሰው ካደሰ በኋላ መግቢያ ሊያጣ ይችላል።

11. ጊዜ ሲያጥርሽ ፓኬጁን አስረክቢ።

ትዳር ይመጣል፣ ሥራ ይቀየራል። ስምሽ ላይ ተጽፎ ማንም የማያየው ፓኬጅ ጠባቂ ከሌለው የከፋ ነው፤ ሌላው ሰው ጠባቂ አለው ብሎ ያልፈዋልና። ስምሽን አንሺ፣ ጠባቂ ይፈለጋል በዪ።

ለመጀመር ጉሩ የተባለው የተጠቃሚዎች ማከማቻ ይበቃሻል። መጀመሪያ ዴቭ ወደሚባለው ቅርንጫፍ ትልኪያለሽ፣ ልምድ ያላቸው አይተው ወደ ዋናው ያሻግሩታል። ፒኬጂቼክ ያወጣውን ማስጠንቀቂያ ሁሉ አጽጂ። ትልቁን አትምረጪ፤ አንድ ትንሽ የቪኤንሲ ክላየንት ውሰጂ፣ ላይብረሪዎቹን አንድ በአንድ ልቀሚ፣ ከዚያም በዚህ ወር ላኪው። እስከዚያው ኢቢልዱን ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።